የተከላካይ እግር እንዴት ይመዘናል?

  እዚህ ቶሮንቶ የጋበዘኝ የወላጆች ኮሚቴ በላከልኝ መልእክት ላይ የጻፈው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ልጆቻችን ሆኪ ይጫወታሉ። ተከላካይ የሆኑትን አሰልጣኞቹ ‹ጎበዝ ነው፤ መንሸራተቱ ግን ገና ነው› ይሉብናል። ምን ማለታቸው ነው?» ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን ምሽቱን ሳይወስድብን አይቀርም። የዛሬው ርእሴም ይኸው ነው፤ የአንድን ወጣት ተከላካይ የበረዶ ላይ እግር እንዴት እንመዝናለን?

መንገዱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ተከላካይን ከአጥቂ የሚለየውን ሥራ አነሣለሁ። ቀጥሎ ሰውነቱ ላይ ምን እንደሚታይ እናያለን። ከዚያ ስለ መዞር እናገራለሁ፤ እዚያ ላይ ብዙ ስለምቆይ ታገሡኝ። በመጨረሻ የሚታረመውን ጉድለት ከማይታረመው እንለያለን። በመሃል ስለ ጫማም እናወራለን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በሆኪ ጫማ ዋጋ አማርሮ የማያውቅ ወላጅ ካለ እጁን ያውጣ... የለም። ደግ።

ምሽቱን ሙሉ እየተመላለስኩ የማነሣውን አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። «ልጁ ምን ያህል ይፈጥናል?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉትና «እግሩ ምን ያስችለዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ሜዳ ርዝመቱ 61 ሜትር፣ ወርዱ 26 ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ ሰማያዊ መስመሮች መካከል ያለው ቦታ 15 ሜትር ብቻ ነው። በታላቁ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ጥሩ ተጫዋች ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት የሚመጣ አጥቂ ያችን 15 ሜትር ለማቋረጥ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። አጥቂው ፊት ለፊት እያየ፣ ወደሚፈልግበት እየሄደ ነው። የእናንተ ልጅ ደግሞ ጀርባውን ለራሱ ግብ ሰጥቶ፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይቀበለዋል። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ወደ ፊት ከሚሄድ ሰው ያነሰ ፍጥነት አለው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ተከላካይ እንግዲህ ሁልጊዜ በፍጥነት ተበልጦ ነው ሥራውን የሚጀምረው። የሚያድነው ቀድሞ መነሣቱ፣ አንግል መምረጡና በእርሱና በአጥቂው መካከል ያለውን ርቀት መጠበቁ ነው።

ይህን ርቀት አሰልጣኞች «ጋፕ» ይሉታል። ቃሉን ከልጆቻችሁ አፍ ሰምታችሁት ይሆናል። ጋፑ ከሰፋ አጥቂው ሰማያዊውን መስመር በነጻ ያልፋል፤ ቀና ብሎ አይቶ፣ ተመቻችቶ ይመታል ወይም ያቀብላል። ከጠበበ ደግሞ አጥቂው በአንድ ጎን ጥሎት ይሄዳል፤ ከኋላው የሚቀረው በረኛው ብቻ ነው። ልጁ ገና አጥቂው መሃል ሜዳ ሳይደርስ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲሸሽ ከመቀመጫችን ሆነን «ግጠመው! ምን ያስፈራሃል?» እያልን እንጮሃለን። ለእኛ ፈሪ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የምናየው ፍርሃት አይደለም። ልጁ የራሱን እግር ያውቀዋል። ጠጋ ካለ በኋላ ዞሮ እንደማይደርስበት ስለሚያውቅ ጥቂት ሜትር አስቀድሞ ይለቃል። ለዚህ ነው እኔ አንድን ተከላካይ ስመለከት ከምንም በፊት ጋፑን የማየው። እግሩ ምን እንደሚያስችለው ልጁ ራሱ በዚያ ርቀት ይነግረኛል።

ቀጥታ መስመር ላይ መፍጠን ግን ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ቦቢ ኦር የሚባል ተከላካይ ነበር፤ በዕድሜ የገፋ ካናዳዊ ጎረቤት ካላችሁ ስሙን ጥሩለትና ፊቱን እዩ። ኦር ከተከላካዮች ሁሉ የኤንኤችኤልን የዓመቱን ከፍተኛ ነጥብ ያስመዘገበ ብቸኛው ሰው ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ በ1970 እና በ1975። ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የኖሪስ ዋንጫ ደግሞ ስምንት ዓመት በተከታታይ ወስዷል። እግሩ ነው ያን ያደረገው። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፖል ኮፊም በ1985–86 የውድድር ዘመን ከተከላካይነት ቦታው ተነሥቶ 48 ግቦች አገባ፤ የእርሱም ኃይል እግሩ ነበር። እንዲህ ያለ እግር ያለው ልጅ ከተገኘ አስታዋሽ አያስፈልገንም፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።

ችግሩ ሌሎቹን መመዘን ላይ ነው። ስዊድናዊውን ኒክላስ ሊድስትሮምን በ1989 ድራፍት፣ ማለት ቡድኖች ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ ዲትሮይት የመረጠው በ53ኛ ተራ ነው። ከዚያ በኋላ ኖሪስን ሰባት ጊዜ፣ የሊጉ አሸናፊ የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫን አራት ጊዜ አነሣ። ሊድስትሮምን ያየ ሰው ስለ ፍጥነቱ አያወራም፤ መድረስ ያለበት ቦታ ሁሉ ቀድሞ ስለመገኘቱ ያወራል። አዳም ፎክስን ደግሞ በ2016 ካልጋሪ በ66ኛ ተራ መረጠው፤ በ2021 በኒውዮርክ ማልያ ኖሪስን ወሰደ። እርሱም ቢሆን በቀጥታ ሩጫ ሰው የሚያስደንቅ አይደለም። ሁለቱም ግን በጠባብ ቦታ ሲዞሩ፣ ሲቆሙና ሲነሡ ሚዛናቸውን አይለቁም። ለተከላካይ መንሸራተት ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ ሰውነት ነው። የሆኪ ጫማው ብረት ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ከሥሩ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ሲሳል በመሃሉ ቦይ ይወጣለትና ውስጠኛና ውጨኛ የሆኑ ሁለት ጠርዞች ይተርፉታል። የመንሸራተት ጥበብ በሙሉ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሳይወላገዱ መሸጋገር ነው። ውስጠኛውን ጠርዝ ማንም ልጅ ይለምደዋል፤ ውጨኛው ነው ልጆችን የሚለያቸው። ልጃችሁ በአንድ እግሩ፣ በውጨኛው ጠርዝ ብቻ ክብ ሠርቶ መዞር ይችላል? በቀኝ እግሩስ? በግራውስ? ይህን ለማየት የሠለጠነ ዓይን አያስፈልግም፤ ከጨዋታው በፊት ባለው ማሟሟቂያ ላይ ይታያል።

ቀጥሎ ጉልበቱን እዩ። ከጎን ስታዩት ጉልበቱ ታጥፎ ከጫማው ጫፍ አልፎ ይታያል? ወይስ ልጁ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው? ቀጥ ብሎ የሚንሸራተት ልጅ የሚገፋበት ርዝመት የለውም፤ ግፊቱ አጭር ይሆናል፤ ሲገጩትም ይወድቃል። ከዚያ የገፋው እግር እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ከሰውነቱ ሥር ይመለሳል ወይስ በጎን ተንጠልጥሎ ይቀራል? ጭንቅላቱ በእያንዳንዱ እርምጃ ሽቅብ ቁልቁል ይላል? የሚል ከሆነ ኃይሉን ወደ ሰማይ እያባከነው ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! የሚያምር እርምጃና የሚጠቅም እርምጃ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ይህን ለእናንተ ለማስረዳት ኃይሌ ገብረ ሥላሴን እጠራለሁ። ኃይሌ ሲሮጥ የግራ ክንዱ ታጥፎ ደረቱ ላይ ይቀር ነበር፤ በልጅነቱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የቀረበት ልማድ ነው ይባላል። የሩጫ መማሪያ መጽሐፍ ይህን ክንድ ስህተት ይለዋል። በ1996 አትላንታ ላይ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ ክንዱ ያው ነበር። ክንዱ ዋጋ አላስከፈለውም። ስለዚህ የልጅን እግር ስትመዝኑ ጉድለት ባያችሁ ቁጥር «ይህ ጉድለት ዋጋ ያስከፍለዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ትከሻው የጎበጠ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ እንደ ገበሬ የሚራመድ፣ ግን ማንም የማያልፈው ልጅ አለ። ተውት። እርምጃው እንደ ሥዕል የሚያምር፣ ግን አጥቂ በጎኑ በሄደ ቁጥር የሚቀደም ልጅም አለ። እርሱ ነው ሥራ የሚያስፈልገው፤ እርሱን ግን ሁላችንም እናደንቀዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ መዞር። ተከላካይ የሚሸነፈው በቀጥታ ሩጫ ሳይሆን ሲዞር ነው። አጥቂው በግድግዳው በኩል ሊያልፈው ሲነሣ ተከላካዩ ዳሌውን ከፍቶ ከኋሊት ጉዞ ወደ ፊት ጉዞ መለወጥ አለበት። ይህች ለውጥ ከአንድ ሰከንድ ያነሰች ናት፤ ጨዋታው ግን በእርሷ ውስጥ ነው። ቀድሞ ከዞረ አጥቂው በጀርባው በኩል ወደ መሃል ይቆርጥበታል። ዘግይቶ ከዞረ ተበልጧል። በጊዜው ዞሮም ሲዞር ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም ሰፊ ቅስት ከሠራ ፍጥነቱን ሜዳው ላይ ጥሎ ነው የሚነሣው።

ስትመለከቱ ሦስት ነገር ፈልጉ። የመጀመሪያው ሲዞር ከፍታው ይለወጣል ወይ የሚለው ነው። ጥሩ ተከላካይ ከመዞሩ በፊት፣ በሚዞርበት ጊዜና ከዞረ በኋላ ጉልበቱ እኩል ታጥፎ ይቆያል። ሁለተኛው የመጀመሪያዋ እርምጃ ናት። እንደዞረ የምትመጣው ግፊት ጠንካራ ናት ወይስ እግሩን ለማግኘት ሁለት ሦስት ትንንሽ እርምጃ ይፈልጋል? ሦስተኛውና ብዙ ወላጅ የማያየው ደግሞ የቀኝና የግራው ልዩነት ነው። ሁሉም ልጅ ማለት ይቻላል የሚወደው ጎን አለው። በቀኝ ሲዞር ውኃ ይመስላል፤ በግራ ሲዞር በር የሚገፋ ይመስላል። ዐሥር ዓመት ላይ ይህ ማንንም አይጎዳም። ዐሥራ አምስት ዓመት ላይ ግን ተጋጣሚው ያውቀዋል። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አንዴ ያያል፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ደካማ ጎን ይመላለስበታል። አንድን ልጅ ለመምረጥ የሚመጣ መልማይ ማስታወሻው ላይ ቀድሞ ከሚጽፋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

እግርን በእግር ላይ እያሻገሩ ወደ ኋላ መሄድም አለ። ፍጥነት ይሰጣል፤ ለዚህ ልጆች ይወዱታል። ነገር ግን እግሮቹ በተጠላለፉባት ቅጽበት ተከላካዩ አቅጣጫ መለወጥ አይችልም። ብልጥ አጥቂ ያችን ቅጽበት ጠብቆ ነው ወደ ሌላው ጎን የሚሰበረው። ስለዚህ አጥቂው ገና ሩቅ ሳለ እግር ማሻገር ደግ ነው። ሲቀርብ ግን ልጁ ሁለት እግሩን ከፍቶ፣ በረዶውን በግማሽ ክብ እየቆረጠ ነው መሄድ ያለበት። «መቼ ነው ማሻገሩን የሚያቆመው?» የሚለውን አንድ ጨዋታ ሙሉ ብትከታተሉ ስለ ልጃችሁ ከአንድ ወቅት ውጤት የበለጠ ታውቃላችሁ።

መዞር መከላከል ብቻ አይደለም። ፓኩ ከኋላው ወደ ጥጉ ሲወረወር ልጁ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ሊያነሣው ይሄዳል፤ ተጋጣሚ ሁለት ሦስት ሜትር ከኋላው እየበረረ ይመጣል። የዛሬው ተከላካይ የሚፈተነው እዚህ ነው። ፓኩን ሳይነካ በትከሻው ላይ ዞሮ ያያል? አንድ ጊዜ ወይስ ሁለት ጊዜ? ትከሻውን ወደ ግራ ጥሎ እግሩን ወደ ቀኝ መውሰድ ይችላል? ኬል ማካር ከአልበርታዋ ትንሽ ከተማ ብሩክስ ሲመጣ የሚጫወትበት ሊግ ደካማ ነው ብለው የተጠራጠሩ ነበሩ። ኮሎራዶ ግን በ2017 በ4ኛ ተራ መረጠው፤ በ2022 ኖሪስንም የስታንሊ ዋንጫንም በአንድ ዓመት አነሣ፤ በ2025 ኖሪስን ደገመው። ማካር ፈጣን ነው፤ የሚያስፈራው ግን ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሆኖ ወዴት እንደሚሄድ ትከሻው አለመናገሩ ነው። የሞንትሪያሉ ሌን ኸትሰን ደግሞ ትንሽ ነው ተብሎ በ2022 እስከ 62ኛ ተራ ወረደ። በ2025 የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። እርሱን በቀጥታ ሩጫ የሚቀድሙት ብዙ ናቸው፤ በሰማያዊው መስመር ላይ ወደ ጎን ሲሄድ ግን ተረከዙን ከፍቶ፣ ደረቱን ለግቡ ሰጥቶ፣ የሚገጥመውን ተጋጣሚ ወደ ተሳሳተ ጎን ይልከዋል።

ኩዊን ሂዩዝንም ላንሣ፤ እናቶች እንድትሰሙት ነው። ቫንኩቨር በ2018 በ7ኛ ተራ የመረጠው፣ በ2024 ኖሪስን የወሰደው ይህ ልጅ ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ነው። መንሸራተትን ያስተማረችው እናቱ ናት፤ ኤለን ዋይንበርግ-ሂዩዝ ለአሜሪካ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በተከላካይነት የተጫወተች ናት። ሴቶች ልጆች ያሏችሁም አትርሱ፦ ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ለእነርሱም ነው። ተከላካይዋ ሬናታ ፋስት እዚሁ ቶሮንቶ ትጫወታለች፤ አንድ ቀን ልጃገረዶቹን ይዛችሁ ሂዱና እግሯን ብቻ እዩ።

የት ሆናችሁ፣ መቼ እንደምታዩም ባጭሩ ልበል። መስታወቱ ሥር አትቁሙ፤ ከዚያ የሚታየው ግጭት ብቻ ነው። ከግቡ ኋላ፣ ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ። ፓኩን ተዉትና ልጁ ሜዳ ላይ በሚቆይባት አርባ አምስት ሰከንድ ገደማ እርሱን ብቻ ተከተሉ፤ በተለይ የመጨረሻዎቹን ዐሥር ሰከንዶች። የደከመ እግር አይዋሽም። ሁለተኛውን ፔሬድ ደግሞ በደንብ እዩት። ቡድኖቹ ጎን ስለሚቀያየሩ የተቀያሪዎቹ መቀመጫ በር ከሚከላከሉት ግብ ይርቃል፤ የደከመ ተከላካይ ለመቀየር ረጅም መንገድ አለበት፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ተይዞ ይቀራል። ጉልበቱ ቀጥ የሚለው፣ ዳሌው የሚደርቀው ያኔ ነው። ኤንኤችኤል ከድራፍቱ በፊት በቡፋሎ በሚያካሂደው ምርመራ ልጆቹን በብስክሌትና በዝላይ ይፈትናቸዋል፤ በረዶ ላይ ግን አያወጣቸውም። ከ2023 ወዲህ ሊጉ የተጫዋቾቹን ፍጥነት በቁጥር ለሕዝብ ቢያወጣም የአንድን የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የመዞር ጥራት የሚነግራችሁ ቁጥር የለም። ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ የሚታረመው ነገር ነው። አሰልጣኝ «መንሸራተቱ ይጎድለዋል» ሲላችሁ «ለምን?» በሉት። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ጉድለቶች የተለያየ ሥር አላቸው።

አንዱ ሥር ዕድገት ነው። በአንድ ክረምት ዐሥር ሴንቲ ሜትር ያደገ ልጅ ትናንት የሚያውቀው እግር ዛሬ የለውም፤ አጥንቱ ቀድሞ ጡንቻው ይከተላል። ለጊዜው ይደናቀፋል፤ ዓይናችሁ እያየ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላችኋል። ተከላካዩ ዜዴኖ ቻራ ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር ነው። በ1996 በ56ኛ ተራ ሲመረጥ እግሩ እንደሚያስቸግረው ያልተናገረ አልነበረም። በ2009 ኖሪስን ወሰደ፤ በ2011 የቦስተን አምበል ሆኖ የስታንሊ ዋንጫን አነሣ፤ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላም ተጫውቷል። ረጅም ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ በዐሥራ አራት ዓመቱ አትፍረዱበት።

ከዚህ ጋር የልደት ቀን አለ። በካናዳ የልጆች ሆኪ የዕድሜ ምድብ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ነው። በጃንዋሪ የተወለደና በዲሴምበር የተወለደ ልጅ በአንድ ቡድን ይወዳደራሉ፤ በመካከላቸው ግን አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዐሥር ዓመት ላይ ይህ ልዩነት ጎበዝና ሰነፍ ይመስላል። የኤንኤችኤል ድራፍት ደግሞ ቀኑን የሚቆርጠው በሴፕቴምበር 15 ነው። የልጃችሁን እግር ስታወዳድሩ አጠገቡ ያለው ልጅ በስንት ወር እንደሚበልጠው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ሥር ጫማ ነው። ይህን ስናገር አዳራሹ እንደሚስቅ አውቃለሁ። እኛ የሐበሻ ወላጆች ጫማ ስንገዛ «ያድጋል» ብለን አንድ ሁለት ቁጥር እንጨምራለን። ለትምህርት ቤት ጫማ ደግ ነው፤ ካልሲ ይጨመርበታል። የሆኪ ጫማ ግን ከተለመደው የመንገድ ጫማ ቁጥር አንድ ወይም አንድ ተኩል ያህል ያነሰ ነው መሆን ያለበት። እግሩ ውስጡ ከዋኘ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ጠርዙን መቆጣጠር አይችልም። ከዚያ አሰልጣኙ «እግሩ ደካማ ነው» ይላል። እግሩ አይደለም ደካማው፤ የእኛ ቁጠባ ነው። ልኩ የሆነ ያገለገለ ጫማ ልኩ ካልሆነ አዲስ ጫማ ይሻላል። ሲያስሉትም ከበድ ላለ ልጅ ቦዩ ጥልቅ እንዲሆን አትጠይቁ፤ በረዶውን አጥብቆ ስለሚይዝ ልጁ ሲንሸራተት ይጎትተዋል።

ሦስተኛው ሥር ትምህርት ነው፤ ይህ በእርግጥ ይታረማል። ባርባራ አንደርሂል በ1984 ከፖል ማርቲኒ ጋር በጥንድ ጥበባዊ የበረዶ ላይ መንሸራተት የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ካናዳዊት ናት። በኋላ የኤንኤችኤል ቡድኖች ትልልቅ ወንዶቻቸውን እየላኩ እርምጃቸውን እንድታርም አደረጉ። ዶን ብሬድ የምትባል ሌላ የመንሸራተት አሰልጣኝን ደግሞ በ2016 አሪዞና የሙሉ ጊዜ አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠራት፤ በሊጉ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እነዚህ ሴቶች የሚያስተምሩት ያደጉ፣ ሚሊዮን የሚከፈላቸው ሰዎችን ነው። የሃያ አምስት ዓመት ሰው እርምጃ የሚታረም ከሆነ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ምን አነሰው? ጉልበት አለማጠፍ ይታረማል። ደካማው ጎን ይታረማል፤ አሰልቺ ቢሆንም። እኔ እንዳየሁት የማይታረመው፣ ወይም በጣም የሚከብደው፣ ዳሌው በተፈጥሮ የማይከፈት ልጅ ነው። ጨዋታውን ዘግይቶ የሚያነብ ልጅም አለ፤ እርሱ እግሩ ቢፈጥንም ዘግይቶ ይነሣልና ሁልጊዜ ቀርፋፋ ይመስላል። ይህን የእግር ችግር ብላችሁ ገንዘባችሁን በእግር ስልጠና አትጨርሱ።

ስለ ገንዘብ ካነሣን፣ በረዶ በዚህ ከተማ በነጻም አለ። ፒኬ ሱባን እዚሁ ቶሮንቶ ያደገ ተከላካይ ነው፤ በ2013 ኖሪስን ወስዷል። አባቱ ካርል ሱባን በልጅነታቸው ከጃማይካ ወደ ሰድበሪ የመጡ ስደተኛ ናቸው፤ በኋላ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኑ። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ፣ ከማታ ሥራቸው ሲመለሱ፣ በከተማው አዳራሽ ፊት ወዳለው ናታን ፊሊፕስ አደባባይ ይዘውት ሄደው በሌሊት ያንሸራትቱት ነበር። በዚያ ሰዓት ሜዳው ባዶ ነው፤ ልጁ እንደልቡ ይዞራል። እናንተም የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ፤ ከዳንፎርዝ እዚያ ድረስ በባቡር ስንት ደቂቃ ነው?

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ጥቁር ልጅ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሲገመገም የሚሰማው ቃል አለ፤ «ጉልበተኛ ነው፣ ተፈጥሮ ሰጥታዋለች»። ነጩ ልጅ ደግሞ «አስተዋይ ነው፣ ጨዋታ ያነብባል» ይባላል። ሁለቱ ልጆች የሠሩት አንድ ሊሆን ይችላል። ዊሊ ኦሪ በጃንዋሪ 18 ቀን 1958 የኤንኤችኤል የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኖ ወደ በረዶው ከወጣ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ይህ አነጋገር ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የልጃችሁ የግምገማ ወረቀት ላይ «ጥሩ አካል» ብቻ ተጽፎ ካያችሁ በትሕትና ጠይቁ፦ ሲዞር አይቶ ነው ወይስ ገምቶ? ጋፑንስ በራሱ ነው የሚያስተካክለው ወይስ ሲጮሁበት?

እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ደግሞ ጊዜ አለው። ከጨዋታ በኋላ፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በንዴት አይሁን። አሰልጣኙን በልምምድ ቀን ቀድማችሁ ያዙትና እንዲህ በሉት፦ «የትኛው ጎኑ ነው ደካማ? ይህ ጉድለት በጨዋታ ውስጥ ምን ያስከፍለዋል? በዚህ ወር ምን ላይ እንሥራ?» መልስ ያለው አሰልጣኝ ደስ ይለዋል። መልስ የሌለውም ቢሆን በሚቀጥለው ጨዋታ የልጃችሁን እግር በደንብ ያያል።

አንዳንዶቻችሁ ከስብሰባው በፊት ቀርባችሁ «እግሩ ቀርፋፋ ነውና ወደ አጥቂነት ይዛወር ተባልን፤ እንቀበል?» ብላችሁኛል። ጋፑን ራሱ የሚጠብቅ፣ ፓክ ለማንሣት ሲሄድ ትከሻው ላይ ዞሮ የሚያይ ልጅ ከሆነ እኔ ብሆን ቢያንስ አንድ ወቅት እጠብቃለሁ፤ ዕድገቱን አልጨረሰምና። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉት ግን አጥቂ መሆን ቅጣት አይደለም፤ ይሞክረው። የኦንታሪዮ ሆኪ ሊግ ልጆቹን የሚመርጠው ዐሥራ አምስት ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ነው። ከዚያ በፊት ቦታ የለወጠ ልጅ ብዙ ነው፤ ተመልሶ የለወጠም አለ።

እኔ በዚሁ ላብቃ። ማይኩ ከኋላ ከተቀመጡት ይጀምር፤ ጥያቄ ያላችሁ።